ዘግይቶ የተነገረ በሽታና የካሳ ጥያቄ፦ ለአንድ ሐኪም ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ሐኪም የጻፉት ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ከባልደረቦቼም ከደንበኞቼም ደርሶኛል። አንዲት ደንበኛዬ «ታዲያ ክሱን እንተወው?» የሚል ጥያቄ አያይዛ ነው የላከችልኝ። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያደረገኝም እርሷ ናት። የጥብቅና ቢሮዬ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ነው፤ በሕክምና ጥፋት ምክንያት ካሳ ለሚጠይቁ ሰዎች ቆሜ እከራከራለሁ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም፤ ጸሐፊውም ሐኪም ናቸውና ገለልተኛ አይደሉም። በዚህ እኩል ነን።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡን ሳላጣምም ባጭሩ ላስቀምጥ። ሐኪም ፈጣሪ አይደለም፤ በሽታ ራሱን ይደብቃል፣ መመርመሪያ ማሽንም በውጭ ምንዛሪ እጦት አይገኝምና ዘግይቶ መታወቁ የማንም ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ የሚዘገየው በሽተኛው ራሱ ነው ይላሉ። ሰውየውን የጎዳው በሽታው ስለሆነ ከሐኪም ካሳ መጠየቅ በሐዘን ላይ ገንዘብ መፈለግ ነው ይላሉ። ሐኪሞች በክስ ከተሸበሩ አገር ጥለው ይሄዳሉ፤ የቀሩትም ራሳቸውን ለመከላከል ሲሉ የማያስፈልግ ምርመራ ያዛሉ። ቅሬታ ያለው ሰው የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለለት፤ ዳኛ ስለ ሕክምና ምን ያውቃል ሲሉም ይጠይቃሉ። የመጨረሻው ነጥባቸው ፍርድ ቤት ዓመታት ፈጅቶ የሚሰጠው ገንዘብ ኢምንት ነውና በሽማግሌ መታረቅ ይሻላል የሚል ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ፤ ግማሹን እቀበላለሁና። ሐኪም ፈጣሪ እንዳልሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ያውቃል፤ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ጀምሮ ያውቃል። ቁጥር 2647 ሐኪም ከሙያው ደንብ አንጻር ጥፋት ካልፈጸመ በስተቀር ለበሽተኛው ኃላፊ እንደማይሆን ይናገራል። ስለ ሙያ ጥፋት የሚደነግገው ቁጥር 2031 ደግሞ መለኪያውን ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል፤ ባለሙያው ተጠያቂ የሚሆነው በሙያው ሰዎች ዘንድ ከታወቀው ሳይንስና ደንብ ወጥቶ፣ ግዴታውን በግልጽ እንዳላወቀ የሚያስቆጥር ቸልተኝነት ወይም አለመጠንቀቅ ሲያሳይ ነው። የቆሽት ካንሰር ምልክት ሳያሳይ ገፍቶ ሊሄድ ይችላል፤ ከሳንባ ውጪ ያለ የሳንባ ነቀርሳም ጎበዝ ሐኪም ያሳስታል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይዞ ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ቢኖር «ክስ የለህም» ብዬ እመልሰዋለሁ፤ መልሼም አውቃለሁ።

ነገር ግን ጸሐፊው የሚከላከሉት ይህን ሐኪም ሆኖ ሳለ፣ ጽሑፋቸው ጥላውን የሚዘረጋው በሌላውም ላይ ነው። ባለጉዳይዋ እንዳትታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬ አንድ መዝገብ ላንሳ። ሴትዮዋ ጡቷ ላይ እብጠት ታገኛለች፤ የምታጠባ እናት ናት። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ትሄዳለች፤ ወተት ቋጥሮ ነው ተብላ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታዘዝላታል። እዚህ ላይ ጥፋት አላይም፤ ማንም ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንኑ ነው። እብጠቱ አልጠፋ ሲል ትመለሳለች፤ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። እዚህም ሐኪሙ ልክ ሠርቷል። የናሙናው ውጤት አጠራጣሪ ሕዋሳት መታየታቸውንና ተጨማሪ የሥጋ ናሙና መወሰድ እንዳለበት ይገልጻል። ወረቀቱ ክሊኒኩ ደርሷል፤ የተረከበው ሰው ፈርሞበት፣ ቀን ጽፎበት ካርዷ ውስጥ በስቴፕለር አያይዞታል። ማንም አልደወለላትም፤ የስልክ ቁጥሯ ግን እዚያው ካርዱ ፊት ላይ አለ። ከወራት በኋላ ራሷ ስትመጣ ሌላ ሐኪም አያት። ከውጤቱ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ፣ በዚህ ሐኪም የእጅ ጽሑፍ፣ ያው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በድጋሚ ታዝዟል።

እስቲ ይህ የማሽን እጥረት ነው ወይስ የበሽታ መደበቅ? በሽታው ተገልጦ፣ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት ካርዱ ውስጥ ተቀምጧል። ያስፈለገው አንድ ገጽ ወደ ኋላ መግለጥ ነበር። በእጄ ካለፉት የመዘግየት ጉዳዮች ብዙዎቹ ከዚህ ዓይነት ናቸው፤ ውጤት መጥቶ ያላነበበው፣ ሕመሙ ሲመላለስ «ወደ ስፔሻሊስት ሂጂ» ብሎ የሪፈር ወረቀት ያልጻፈላት፣ «ውጤቱን መቼ ልጠይቅ?» ስትል ቀጠሮ ያልሰጣት። ከውጭ ምንዛሪ ጋር አንዳቸውም አይገናኙም።

ጸሐፊው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ጠቅሰው ዘግይቶ የሚመጣውን በሽተኛ ይወቅሳሉ። እውነት አላቸው፤ የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር ሲሆን፣ አብዛኞቹ ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት ደረጃው ከገፋ በኋላ ነው። ገንዘብ አጥተው፣ ርቀት ይዟቸው፣ ጠበል አስቀድመው፣ ፈርተውም ይዘገያሉ። ይህን ሕጉ አልዘነጋውም፤ በቁጥር 2098 መሠረት ጉዳቱ በከፊል የተጎጂው ጥፋት ከሆነ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀነሳል። እኔ የጠቀስኳት ሴት ግን ምኑን ደበቀች? ሳትታክት እየተመላለሰች አሳየች እንጂ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ሰውየውን የጎዳው በሽታው ነው የሚለው፣ ከሁሉም የከበደውና በቁም ነገር ሊመለስ የሚገባው ነው። በሽታውን ሐኪሙ አመጣው ያለ ከሳሽ አላጋጠመኝም። የሚጠየቀው ልዩነቱ ነው። በጊዜው ቢታወቅ እብጠቱን ብቻ በማውጣት ሊያልቅ የሚችል ነገር፣ ሲዘገይ ሙሉ ጡት ማውጣት፣ ኬሞቴራፒና የጨረር ሕክምና ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ወጪና ጉዳት ማን ይሸከም ነው ጥያቄው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ እንደነበርና ወረፋው ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ከእኔ ይልቅ ጸሐፊው ያውቃሉ። ውጤቷ ካርድ ውስጥ የተረሳ ሴት እዚያ ወረፋ ላይ የምትቆመው ብዙ ወራት ባክነውባት ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ያለቀውን መድኃኒት ከውጭ መድኃኒት ቤት ገዝታ፣ ከሥራዋ ቀርታ፣ ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ነው የምትቆመው።

ልዩነቱን ማስረዳት ሁልጊዜ ይቻላል ወይ? አይቻልም፤ ይህንንም ለጸሐፊው እሰጣለሁ። በሽተኛው በጊዜው ቢታወቅለትም የመዳን ዕድሉ አጠራጣሪ ከነበረ፣ መዘግየቱ ምን እንዳሳጣው መናገር ይከብዳል። በዚህ ላይ የዓለም ፍርድ ቤቶችም አልተስማሙም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት፣ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው፣ የአንድ የሊምፎማ ካንሰር በሽተኛን ጉዳይ አይቷል። ሐኪሙ ብብቱ ሥር ያለውን እብጠት ስብ ነው ብሎ ስላለፈው ምርመራው ዘጠኝ ወር ገደማ ዘግይቶ፣ የመዳን ዕድሉ ከ42 በመቶ ወደ 25 በመቶ ወርዷል። ዳኞቹ ሦስት ለሁለት ተከፋፍለው ካሳ ነፈጉት፤ ከመጀመሪያውም ዕድሉ ከግማሽ በታች ስለነበር መዘግየቱ ነው የጎዳው ማለት አይቻልም በሚል። የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች ግን በዚያው አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመዳን ዕድልን ማጣት ራሱን እንደ ጉዳት ቆጥረው፣ በጠፋው ዕድል መጠን ካሳ ሲወስኑ ኖረዋል።

የእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ አርቃቂ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ መሆናቸው ብቻውን ነገሩን አይፈታውም፤ ሕጋችን ስለ ዕድል ማጣት በስም የሚናገር አንቀጽ የለውም። ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል፤ ቁጥር 2102 ደግሞ የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ መስሎ በታየው ልክ፣ እንዲወስን ይፈቅድለታል። ሁለተኛው ስለ መጠን እንጂ ስለ ምክንያትነት፣ ማለትም ጉዳቱን ያመጣው ጥፋቱ ስለ መሆኑ፣ አይናገርም ብሎ የሚከራከረኝ ጠበቃ ይኖራል፤ ክርክሩም የሚናቅ አይደለም። ሆኖም «ክርክር አለበት» ማለትና «መጠየቅ ነውር ነው» ማለት ለየቅል ናቸው። ጸሐፊው ከመጀመሪያው ተነሥተው ሁለተኛው ላይ ዘለሉ።

«በሐዘን ላይ ገንዘብ መፈለግ» የሚለው አነጋገር ደግሞ ቅር አሰኝቶኛል። እናታቸው የሞተችባቸው ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ሐዘኑ እስኪወጣ አይጠብቃቸውም። ቁጥር 2095 በሞት ጊዜ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ተወላጆች ያጡትን መተዳደሪያ እንዲጠይቁ የፈቀደው ለዚህ ነው። ሠራተኛ ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አባት ካሳ ሲጠይቅ ማንም ነውር አይለውም። ነጭ ጋዋን ሲኖር ብቻ ጥያቄው ለምን ይረክሳል?

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ፤ ሙሉ በሙሉ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው፤ መነሻውን ግን እጋራዋለሁ። ሐኪም ከሥራ ገበታው ላይ በፖሊስ ተይዞ ጣቢያ ሲያድር ማየት ያስከፋል፤ ጸሐፊው ይህን የገለጹበት አንቀጽ ልብ ይነካል። ልብ ይበሉ ግን፤ የገለጹት የወንጀል ምርመራን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2፣ እንደ ሐኪም ወይም እንደ አሽከርካሪ የሌላውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና በመቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። የካሳ ክስ ማንንም አያስርም። ሬጅስትራር ጋ መዝገብ ይከፈታል፣ መጥሪያ ይደርሳል፣ መልስ ይቀርባል፣ በቀጠሮ ይከራከሩበታል፤ ሐኪሙም ማታ ቤቱ ገብቶ ያድራል።

ከልምዴ የማውቀውን ልናገር። አስከሬን ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚሮጥ ቤተሰብ ሁሉ ሐኪም እንዲታሰርለት ፈልጎ አይደለም። ብዙዎቹ የሚፈልጉት ምን እንደተፈጠረ የሚነግራቸው ሰው ነው፤ ካርዱን ጠይቀው ተከልክለዋል፣ አስተዳዳሪውን ሊያነጋግሩ ቢሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለዋል። የፍትሐ ብሔሩን በር «ነውር ነው፣ ዋጋም የለው» እያልን በዘጋነው ቁጥር የሚከፈተው የጣቢያው በር ነው። ሐኪሞች እንዳይታሰሩ የሚሻ ሰው የካሳን ክስ ሊደግፍ ይገባ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የወንጀል ሕጉ ሐኪምንና አሽከርካሪን በአንድ ትንፋሽ ጠርቷል። አሽከርካሪው ግን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ተደርጓል፤ ስለዚህ ሰው ሲጎዳ ቢያንስ የሚከፍል አካል አለ። የሙያ ኃላፊነት መድን አገራችን ውስጥም ይሸጣል። ጸሐፊው በዚያ ሁሉ ገጽ ስለ መድን አንድ መስመር አልጻፉም። ካሳውንም ሐኪሙ ከደመወዙ እየቆረጠ እንደሚከፍል አድርገው ነው ያቀረቡት፤ በቁጥር 2651 ግን የሕክምና ተቋሙ ለቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ከሆነም ቁጥር 2126 ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ሲሆን መንግሥትን ለመጠየቅ መንገድ ይሰጣል። በያዝኳቸው ጉዳዮች አንደኛ ተከሳሽ የማደርገው ተቋሙን ነው፤ ካርድ ክፍሉን የሚያስተዳድረው እርሱ ነውና።

ስደቱን በተመለከተ፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ዋና ጥያቄያቸው የደመወዝና የኑሮ ነበር። ሐኪም የሚሰደደው ደመወዙ የቤት ኪራይ ስለማይችል መሆኑን ጸሐፊውም በሌላ ቀን የሚክዱት አይመስለኝም። አላስፈላጊ ምርመራ ይበዛል የሚለው ሥጋት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የሚነሳ ቅሬታ ነው፤ እኛ ዘንድም ወጪው የሚወድቀው በበሽተኛው ኪስ ላይ ነው። ነገር ግን የመጣን ውጤት ማንበብ ተጨማሪ ምርመራ ማዘዝ አይደለም።

የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ባጭሩ ልለፈው። ኮሚቴው ጠቃሚ ነው፤ እኔም ደንበኞቼን ወደዚያ እልካለሁ፤ የባለሙያ አስተያየቱ ፍርድ ቤት ውስጥ ትልቅ ክብደት አለው። ሥልጣኑ ግን ስለ ባለሙያው ፈቃድና ሥነ ምግባር ነው፤ ማስጠንቀቂያና ዕገዳ እንጂ የኬሞቴራፒ ወጪ አይወስንም። ዳኛ ሕክምና አያውቅም የሚለውም እውነት ነው፤ ስለ ሕንፃ መሠረትም አያውቅም፤ ሕንፃ ሲደረመስ ግን ይፈርዳል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ባለሙያ ሾሞ አስተያየት እንዲቀበል ይፈቅድለታል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ በሥራ ባልደረባው ላይ ለመመስከር ፈቃደኛ የሚሆን ሐኪም ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱልን ኖሮ ምን ያህል በጠቀሙን!

በመጨረሻው ነጥባቸው ላይ ጸሐፊው በአንድ ነገር ረትተውኛል። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ጣሪያ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ችሎት ፊት ቆሜ ስጠይቀው እኔው ራሴ አፍራለሁ። ሕግ አውጪው ሊያስተካክለው ይገባል። ነገር ግን ጣሪያው ለኅሊና ጉዳት ብቻ ነው። ለሕክምና ወጪ፣ ለተቋረጠ ገቢ፣ ለጠፋ መተዳደሪያ ጣሪያ የለም፤ ጸሐፊው ሁለቱን ቀላቅለው «ሺህ ብር ለማግኘት» ብለው ጻፉ፤ አንባቢም ያንኑ ይዞ ቀረ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ ሊፈቀድለት እንደሚችልም አልነገሩትም።

መጓተቱ እውነት ነው፤ ቀጠሮ ቀጠሮን ይወልዳል። ሆኖም «ሕክምናው እስኪያልቅ ታገሡ» ማለታቸው ምክር ሳይሆን ወጥመድ ነው። ከውል ውጪ ለሚቀርብ የካሳ ክስ በቁጥር 2143 የተሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ከግል ተቋም ጋር የሕክምና ውል ነበረን ብሎ በውል መክሰስ የሚቻልበት ሁኔታ አለ፤ ለውል አጠቃላዩ የይርጋ ዘመን (ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) በቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት ነው። ነገር ግን በዚህ ላይ ተማምኖ የሚተኛ ሰው በተከሳሹ መቃወሚያ ይነቃል። ገና ያልደረሰ፣ መድረሱ ግን እርግጠኛ የሆነ ጉዳትን ሳይጠብቁ መጠየቅ እንደሚቻል ቁጥር 2092 ስለሚናገር፣ ሕክምናው እስኪያልቅ የሚያስጠብቅ ምክንያት የለም። ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ለተቋሙ በጽሑፍ አመልክቶ የካርዱን ቅጂ መጠየቅ፣ የማመልከቻውን ግልባጭ አስፈርሞ ማስቀረት፣ ደረሰኞችንና የቀጠሮ ወረቀቶችን በቀን ቅደም ተከተል መያዝ። ተቋሙ ካርዱን ከከለከለ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ በማን እጅ እንደሚገኝ ተገልጾ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው ይጠየቃል።

ሽምግልናን አልቃወምም፤ ከመዝገቦቼ ጥሩ ውጤት ያገኙት አንዳንዶቹ ያለቁት በዕርቅ ነው። የሚጠቅመው ግን ሁለቱም ወገን በእጁ ያለውን አውቆ ሲቀመጥ ነው። ሽማግሌ መላክ ብቻውን ይርጋን አያቋርጥም፤ «ቆይ እስቲ፣ ከበዓሉ በኋላ» እየተባለ ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ አይቻለሁ። ከዚህ የከፋውንም አይቻለሁ፤ ከቀብሩ በኋላ በነበሩት ቀናት የተቋሙ ሰው ለለቅሶ መጥቶ፣ የድንኳንና የቀብር ወጪውን ሸፍኖ፣ ባልየው «ከዚህ በኋላ በተቋሙም ሆነ በባለሙያዎቹ ላይ ምንም ዓይነት የካሳም ሆነ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ አስፈርሞት ሄዷል። ከወራት በኋላ ባልየው ቢሮዬ ሲመጣ ያን ወረቀት ደረሰኝ መስሎት ነበር። ስለዚህ በዕርቅ ለመጨረስ ለተቀመጠ ቤተሰብ የምለው፣ ካርዱን ሳያዩ፣ የሕክምናውን ወጪና የልጆቹን መተዳደሪያ አስልተው ሳይጨርሱ፣ ለሕግ ባለሙያም ሳያሳዩ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ አይፈርሙ። ክፍያ ያለው ጠበቃ ካልተቻለ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። ሁለት ገጽ ለማስነበብ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።